አፈር ስሆን

ባሌ ከተቀበረ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ። ሲደክመኝ ጊዜ እዚሁ አቃቂ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። “እናቴ፣ ደምዎ ውስጥ ብረት አንሷል” አለችኝ ወጣቷ ነርስ። “ብረትማ የባሌ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲያቀልጠው ኖረ” አልኳት። ሳቀች። “የደማችን ብረት እኮ ከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው። ኮከቡ ፈንድቶ ተበተነ፣ ምድር ሆነ፣ ቆይቶ እኛን ሆነ።” ልታጽናናኝ ብላ ነው፤ እኔን ግን አስፈራኝ።

“ብረቱስ ይሁን፣ ወደ አፈሩ ተመለሰ። ኮቴዬን ከደጅ ለይቶ ‘መጣሽ?’ የሚለኝ ልቡናውስ ከየትኛው ኮከብ መጣ? አሁንስ የት ገባ?” ብዬ ጠየቅኳት። “እሱን እኔም አላውቅም” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አለማወቋ ይበልጥ አስፈራኝ። የሰጠችኝን የብረት ኪኒን “ታዲያ ለምኑ ብዬ ልዋጠው?” ብዬ መለስኩላት። ውሃ ቀድታ አቀረበችልኝና፣ “አፈር ስሆን፣ ይዋጡልኝ” አለች። አልበላም ባልኩ ቁጥር ባሌ ጉርሻውን ይዞ የሚለምነኝ በዚህችው ቃል ነበር። አሁን እውነትም አፈር ሆኗል። እንዴት እምቢ ልበለው? ኪኒኑን መልሼ ተቀብዬ ዋጥኩት።