የአምበሉ ሙሉ ዝላይ

አምበሉ ከክለቡ ራቅ ያለውን መድኃኒት ቤት የመረጠው የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነበር። ምን ዋጋ አለው! የጡንቻ ቅባት ጠይቆ ዘወር ቢል፣ ከኋላው ተሰልፋ የቆመችው የክለቡ አዲሷ የአካል ብቃት ባለሙያ ናት። በየሳምንቱ እያዘለለችና እያሯሯጠች ስለምትለካቸው ተጫዋቾቹ «ሜትሯ» ይሏታል።

«ለባለቤቴ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እግዜር ይማርልዎ» አለች ሜትሯ።

«የት ላይ ነው ያመማቸው?» ሲል ባለመድኃኒቱ ጠየቀ። አምበሉ ሳያስበው የራሱን ጭን ከኋላ በኩል ያዝ አደረገና ደንግጦ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሜትሯ ሳቋን ዋጠች።

ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ። እሷ ናት የጀመረችው።

«ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ዘንድ መጥተው የሚዘሉት ሰውዬና እሁድ እሁድ ከረጅሙ አጥቂ በላይ ተነሥተው ኳስ የሚገጩት ሰውዬ፣ ለመሆኑ ይተዋወቃሉ?»

አምበሉን ሳቅ አመለጠው። ቀጥሎ ግን ኮስተር አለ።

«ይኸውልሽ የኔ እህት፣ ካወቅሽማ ምን እደብቅሻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰጠሁሽ ግማሽ ጉልበቴን ነው። ከታች ከጀመርኩ ስወርድ ማን ያየኛል? በኛ ጊዜ አሰልጣኝ ዓይናችንን አይቶ ነበር የሚያሰልፈን። ዛሬ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ቁጥር ያይና ‹አርጅቷል፣ ይሸኝ› ይላል። ልጆች አሉኝ፤ ከኳስ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ተከላካይ እንጀራው በእግሩ ላይ ነው። ሜትሯም አላቃለለችበትም።

«ይገባኛል። ለዚህ ነው ስቀጠር ዋናውን አሰልጣኝ ያነጋገርኳቸው፤ በዝላይ ብቻ ማንም አይሰናበትም ብለውኛል። ደግሞስ እርስዎን ከጎረምሶቹ ጋር ማን ያወዳድራል? የማወዳድርዎት ካለፈው ወር ከራስዎ ጋር ነው። ከቆሙበት ተስፈንጥሮ የመነሣት ጉልበት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጨዋታ ሲደራረብ ይወርዳል፣ ሲያርፉ ይመለሳል። አርፈውም ካልተመለሰ ግን ሰውነትዎ ‹ኧረ በቃኝ› እያለ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጡንቻው ሳይበጠስ እንደርስለታለን።»

«እኔስ ሰውነቴን አላውቀውም? ልብ ካለ እግር ይከተላል።»

«ልብዎንማ በምን እለካዋለሁ! ጨዋታ አዋቂነትዎንም መሣሪያዬ አያየውም። ግን ሕመሙን ችሎ ገብቶ የሚጎዳው ልብ ያለው ነው። ሰነፍማ ገና ሳይነካው ይተኛል።»

አምበሉ ጭኑን አሻሸና «እሺ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ የምሬን» አለ።

በማግስቱ መለኪያው ላይ ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ፤ ነፍሱን ሰጥቶ ዘለለ። ቁጥሩን ሲያየው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሲያጭበረብር ይዘለው የነበረውና ዛሬ ከልቡ የዘለለው እኩል ሆኖ ቁጭ አለ።

«መሣሪያሽ ተበላሽቷል» አለና ደገመ። ያው ነው። ሊሰልስ ሲል ሜትሯ ክንዱን ያዘችው።

«ይበቃል ጋሼ። አዩልኝ? ሙሉ ጉልበትዎ አሁን የድሮው ግማሽ ሆኗል። ትናንት ባንገናኝ ኖሮ ዛሬም ይህንኑ ቁጥር አይቼ ‹አምበሉ ደህና ናቸው፣ እሁድ ይሰለፉ› እል ነበር።»

አምበሉ ከቢሮው እሸሸጋለሁ ሲል የተሸሸገው ሊያድነው ከሚችለው ሰው ኖሯል። ጉድ እኮ ነው!

የክለቡ ሐኪም ጭኑን መርምሮ ጡንቻው መሰንጠቅ መጀመሩን ነገረው፤ አንድ ጨዋታ ቢጨምር የውድድር ዓመቱ ያበቃለት ነበር። አምበሉ የእሁዱን ትልቅ ጨዋታ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ አየ። ከዚያ በየሳምንቱ የምሩን ዘለለ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። አንዴ ቸኩሎ ሩጫ አበዛና ወረደበት። ሜትሯ መልሳ አሳረፈችው፤ ለሁለት ቀን አኮረፋት። በመጨረሻ ግን ድኖ ተመለሰ፣ የቀሩትንም ጨዋታዎች በሙሉ ጨረሰ። ወደ ራሱ ደረጃ እንዴት እንደወጣ ከወር ወር የተከታተለው አሰልጣኝም ቢሮ ድረስ ሄዶ ተሟገተለት፤ ውሉ በአንድ ዓመት ተራዘመ።

አምበሉ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሜትሯ ባለችበት ጓደኞቹ ፊት ቆመ።

«እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ። ሙሉ የዘለለ ሰው ሲደክም ይታወቅለታል፤ ልምምዱ ይቀነስለታል፣ ሳይጎዳ ያርፋል፣ ዕድሜ ይጨምራል። ግማሽ የዘለለ ግን ቢወድቅም ማንም አያይለትም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚህች እህቴ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውለታሽን አልረሳውም።»

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ለመለካት የመጀመሪያው ተሰላፊ እሱ ነበር። ጭኑ ደህና ነው፣ እንቅልፉን ጠግቧል፤ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ዘለለ። ቁጥሩ ከአምናው ደህና ቀኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወጣ። ሜትሯ እስክሪብቶዋን አንሥታ ምን እንደምትል ጨነቃት።

አምበሉ ግን ፈገግ አለ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊው እንጂ! የራሴ ነው፤ ተመስገን።»