ዘጠኝ እርምጃ

እኔው ራሴ የገጣጠምኩት ጠመንጃ አፈሙዙ አርጅቶ ነበርና፣ አዲስ ልመርጥ ስሄድ ድሮ ወታደር የነበሩትን ጎረቤቴን ጋሽ ታደሰን ይዣቸው ሄድኩ። ሻጩ ረጅሙንም አጭሩንም ደርድሮ፣ «ምን ያህል ርቀት ላይ ነው የምትተኩስበት?» አለኝ። «ለቤት ነው፤ ምናልባት ሌባ ቢገባ» አልኩት።

ይሄኔ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «ከሳሎንህ በር እስከ ልጅህ አልጋ ስንት እርምጃ ነው?»

«ዘጠኝ ቢሆን ነው።»

«መሀል ያለው ግድግዳስ? እንደ አገር ቤቱ ድንጋይ መስሎህ ነው?»

«ድራይዎል ነው ጋሼ፤ ጀሶና ወረቀት» አልኩ። የያዝኩትን አፈሙዝ መልሼ አስቀመጥኩት። ምንም ሳልገዛ ወደምንኖርባት አሌክሳንድሪያ ተመለስን። ቤት ገብቼ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳልኩ፣ ልጄ ክፍሏ ውስጥ ለብቻዋ ስታንጎራጉር ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ተሰማኝ።