በአባባ ደረት ውስጥ የተገኘው አጥንት

«አንቺ ያበላሽኝ የበዓሉ ዶሮ አጥንት ነው እዚህ ጋ ተሰክቶ የቀረው» ይላሉ አያቴ አባባ፣ ደረታቸውን እየነኩ።

«እኔ አጥንት አብልቼህ አውቃለሁ? አሁን ደግሞ አጥንት ነው ብለህ ኦፕራሲዮኑን እምቢ ትላለህ» ይላሉ ሚስታቸው እማማ።

የሚጨቃጨቁት እዚሁ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሟ ፊት ነው። የምግብ ቧንቧቸው ላይ ካንሰር እንዳለ አባባ ተነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን አጥንቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል ባይ ናቸው። ሐኪሟ አማርኛ ስለማትሰማ እንዳስተረጉም ታየኛለች። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ጫማዬን አያለሁ።

ሐኪሟ ከካንሰሩ እብጠት ተቆንጥሮ የተመረመረውን ውጤት አየችና በዕብራይስጥ «አጥንት ተገኝቷል» አለች። አስተረጎምኩ።

«አላልኩሽም?» አሉ አባባ። እማማ አንገታቸውን ደፉ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። ቀሪውን ስሰማ ጫማዬን ማየት ተውኩ።

«አባባ» አልኩ። «የዶሮ አይደለም። የራስዎ ሥጋ ነው በካንሰሩ ታሞ ወደ አጥንት የተለወጠው። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ነገር ነው አለች። እማማ ምንም አላጠፉም። በራሱ አይወርድም፤ በኦፕራሲዮን ካልወጣ ያድጋል።»

አባባ ወደ እማማ ዞሩ። «እኔው ነኛ ያበቀልኩት» አሉ።

«ግትር ሰው ሌላ ምን ያበቅላል» አሉ እማማ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

አባባ ተነሡ። የወረደውን ነጠላ እማማ ትከሻ ላይ መለሱና የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ወደሚሰጥበት መስኮት ሄዱ።