የትኛው ደራ?

በ1979 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ባጫ ወደ ሥራቸው ሲያዘግሙ ናዝሬት መናኸሪያ በር ላይ ከአንድ የድሮ ወዳጃቸው ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኙ። ሰውዬው ጃራ ይባላል፤ የደራ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሲሆን ከአሰላ መስመር አውቶቡስ መውረዱ ነበር። በኦሮምኛ «አካም ጂርታ?» «ነጋ» ተባብለው ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ሳይጨርሱ፣ ጃራ መድኃኒቱ ምን ሆነ ሲል ጠየቃቸው። ጋሽ ባጫ ሳቁ። የአባ ሰንጋ ክትባቱን ባለፈው ረቡዕ በበረዶ ሣጥን አሳሽገው፣ በገዛ እጃቸው ፈርመው ልከውታል። ደራ እንደሆነ ከናዝሬት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።

«አልደረሰም» አለ ጃራ። «ሐሙስም ዓርብም ከብቱን ሰብስበን ፀሐይ ላይ ዋልን። ሁለት በሬ ሞቶብናል።»

ጋሽ ባጫ ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። በእንስሳት ክትባት መጋዘኑ ውስጥ የጭነት መላኪያ ኃላፊ ሆነው ሃያ ዓመት ሲሠሩ አንድም ሣጥን መንገድ ስቶባቸው አያውቅም። ይህንንም በየቀኑ ስለሚናገሩት ያልሰማ ሠራተኛ አልነበረም። ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ፣ ድልድይና የገበያ ቀን ሁሉ በቃላቸው ነው። መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ሲያዩ ያዝኑለታል።

መጋዘኑ ሲደርሱ ከፍቼ የተላከ የስልክ መልእክት ጠበቃቸው። አዲሱ ሾፌር ሙሉአለም ክትባቱን ጭኖ በሰሜን ሸዋ በኩል ሰላሌ አውራጃ ውስጥ ወዳለው ደራ ነድቶታል። እዚያ ማንም ክትባት አላዘዘም፣ ማንም አልጠበቀውም። ምስኪኑ ሙሉአለም ሰው ፍለጋ ሁለት ቀን ሲንከራተት ከርሞ፣ በመጨረሻ ሣጥኑን ፍቼ ክሊኒክ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ነው የደወለው። ጋሽ ባጫ በንዴት የመላኪያውን ወረቀት ቅጂ አስመዘዙ። በዚያ ሁሉ ሰው በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፋቸው አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ ደራ። ሌላ ምንም የለም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚታለፍበት አልነበረም። «አሻጥር» የምትባል ቃል አንድ ጊዜ ከሰው ስም ጋር ከተለጠፈች በኋላ በቀላሉ አትላቀቅም። የመጋዘኑ ኮሚቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊሰበሰብ ተወሰነ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አሳምነው ጋሽ ባጫን ኮሪደር ላይ አስቁመው ሁለት ጥያቄ እንደሚጠብቃቸው ነገሯቸው፦ እንዴት ሆነ? ዳግመኛ እንዳይሆንስ ምን ታስቧል? ለሁለተኛው መልስ ከሌላቸው ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክበው፣ ጡረታ እስኪወጡ የቀራቸውን ሁለት ዓመት በር ላይ ዕቃ ሲቆጥሩ ይጨርሳሉ። ለእኚህ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም።

አሁን ስለ ፀሐይቱ መናገር አለብኝ። ፀሐይቱ ወንጂ የተወለደች የሸንኮራ ሠራተኛ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥና በእርዳታ የመጣውን አንድ ኮምፒዩተር ይዛ መጋዘኑ ውስጥ ከተቀመጠች ገና ሦስት ወሯ ነው። ጋሽ ባጫ ማሽኑን «ቴሌቪዥኑ» ይሉታል። ባለፈው ወር ልጅቷ የቦታዎችን ስም ልትመዘግብ መጥታ «የትኛው ደራ?» ብትላቸው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ስቀውባታል። «ደራ ስንት ነው ልጄ? ደራ ደራ ነው» ብለው ነበር። ያን ቀን አንገቷን ደፍታ ወጥታለች። ዛሬ ጋሽ ባጫ ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው በሯን አንኳኩ።

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ያለፈውን አላነሳችም። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ጋሽ ባጫ ሾፌሩን ረገሙት፣ ጭንቅላቱን ተጠራጠሩ፣ እስከ አያቱም ድረስ ሄዱ። ፀሐይቱ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጋሽ ባጫ፣ ሙሉአለም የት አገር ነው የተወለደው?»

«ሰላሌ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ለእሱም ደራ አንድ ብቻ ነው። እርስዎ የእርስዎን ደራ ጻፉ፣ እሱ የእሱን ደራ አነበበ። ሁለታችሁም አገራችሁን ታውቃላችሁ። ጉድለቱ የወረቀቱ ነው።»

ጋሽ ባጫ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ደግመው አዩት። እንዲህ ያለ ፍርድ ከሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ይመጣል ብለው አልጠበቁም። ቢሆንም እጅ መስጠት አልወደዱም። ከነገ ጀምሮ ክፍለ ሀገሩንና አውራጃውን ጨምረው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ታዲያ ለዚህ ማሽን ምን ያደርጋል? ደግሞስ ደራን በዓይኑ ያላየ ብረት ስለ ደራ ምን ያውቃል?

«ምንም አያውቅም» አለች ፀሐይቱ። «የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ግን ሲቸኩሉስ? ለቅሶ ሄደው በሌሉበት ቀንስ? እርስዎን የተካ ሰው ሸዋ ብሎ ጽፎ ከሥሩ የአርሲውን ጭላሎ አውራጃ ቢል ወረቀት ዝም ብሎ ይቀበላል። ይኼ ግን ሸዋ ካሉት ጭላሎን ጭራሽ አያሳይዎትም። ይምጡ፣ ራስዎ ይንኩት።»

ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስሞቹ የሚጻፉት በላቲን ነበር። ጋሽ ባጫ በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከሆላንዶቹ ባለቤቶች ጋር ስለ ሠሩ ይህ አላስቸገራቸውም። ፀሐይቱ አሠራሩን ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ አስረዳቻቸው። በማሽኑ መስታወት ላይ ከሚታየው ሠንጠረዥ ጥግ የክፍለ ሀገሮቹ ስም በአንድ አምድ ተደርድሯል፤ ይህን «እናት ዝርዝር» አለችው። ለእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ደግሞ የየራሱ አውራጃዎች የተጻፉበት አምድ አለ፤ አምዱም በክፍለ ሀገሩ ስም ይጠራል። ይህ «ልጅ ዝርዝር» ነው። ከአውራጃዎቹም ሥር የየከተሞቹ አምድ አለ፤ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። መላኪያው የሚሞላበት ስፍራ ላይ ሦስት ባዶ ሣጥኖች ተሥለዋል፤ መጀመሪያው ሣጥን ውስጥ አርሲን ሲመርጡ፣ ሁለተኛው ሣጥን ወደ መጀመሪያው ዞር ብሎ ያይና አርሲ የተባለውን አምድ ብቻ ይከፍታል።

ጋሽ ባጫ ሊፈትኑት ተነሡ። ከእናት ዝርዝሩ ላይ «አርሲ» የሚለውን አጥፍተው፣ በሆላንዶቹ ጊዜ እንደለመዱት «አሩሲ» ብለው በአንድ ጣት ጻፉ። ከዚያ አውራጃውን ሊመርጡ ቢሞክሩ ባዶ ሆነባቸው። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብለው ደስ ሊላቸው ሲል ፀሐይቱ ሳቀች። እናትና ልጅ የሚተዋወቁት በስም ነውና ስሙ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ብትለይ እንኳ ማሽኑ አይምርም። ስሙን ሲመልሱት አርሲ ጭላሎን፣ ጭላሎ ደግሞ ደራን ይዘው ብቅ አሉ። ሸዋን መርጠው ጭላሎን ቢፈልጉት የለም፤ ሰላሌ ውስጥ ሲገቡ ያ ሌላው ደራ ተቀምጧል። ሁለቱም ደራዎች በየቤታቸው! ጋሽ ባጫ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። ሃያ ዓመት በጭንቅላታቸው ተሸክመው የዞሩት አገር፣ በየእናቱ ሥር ተሰልፎ ፊታቸው ቆሟል።

ነገር ግን የሥራ ሰው ናቸውና መደሰት ብቻ አልበቃቸውም። አንድ ነገር ጠየቁ።

«ልጄ፣ አርሲ፣ ጭላሎ፣ ደራ ብዬ ጨረስኩ እንበል። በመሐል ስልክ ተደወለና ሐሳቤን ቀየርኩ። ተመልሼ አርሲን አጥፍቼ ሸዋ አልኩት። እናቲቱ ስትቀየር ልጆቿ የት ይሄዳሉ?»

ፀሐይቱ ከመመለሷ በፊት ወደ ማሽኑ ዞረች። እንዳሉት አድርጋ ሞከረችው። ላይኛው ሣጥን ሸዋ ሲል፣ ታችኞቹ ጭላሎና ደራ እንዳሉ ቀርተዋል። ሸዋ፣ ጭላሎ፣ ደራ፤ በዓለም ላይ የሌለ አገር። አሠልጣኞቿ ይህን አላስተማሯትም፤ እሷም በሦስት ወር ውስጥ አላየችውም። ደስታዋ ግን ከኀፍረቷ በለጠ። አንዲት ትእዛዝ ጨመረች፦ ላይኛው ሣጥን በተነካ ቁጥር ከሥሩ ያሉት ወዲያው ይጥፉና እንደ አዲስ ይመረጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ምሳ አልበሉም። ጋሽ ባጫ እየቆሙ፣ እየተቀመጡ፣ አንዳንዴም በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደዱ የቦታ ስም አስጻፉ። ዝዋይን፣ መቂን፣ ኩየራን፣ ሁለት ስም ያለውን ሁሉ ከነሁለት ስሙ። ጠዋት ተከትሏቸው መጥቶ ግቢ ውስጥ የሚጠብቀው ጃራ በመስኮት ሲያያቸው ጋሽ ባጫ የሰከሩ መሰለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ስሕተቱ የእጃቸው መሆኑን ራሳቸው ቀድመው ተናገሩ፤ በሾፌሩ አላሳበቡም። ይህን በማድረጋቸው ብቻ የግማሹ ኮሚቴ ፊት ተፈታ። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ኮሚቴውን ተነሡ አሉና ወደ ፀሐይቱ ክፍል ወሰዱት። ጓድ አሳምነው በራሳቸው ጣት አርሲን፣ ጭላሎን፣ ደራን መረጡ። ከዚያ ተጠራጣሪ ናቸውና ሊያሳስቱት ብለው አርሲን በሸዋ ለወጡት። ጭላሎም ደራም ወዲያው ተሰወሩ፤ ባዶ ሣጥን ብቻ ቀረ።

«ይህን ማን ነው ያሰበው?» አሉ።

ፀሐይቱ ወደ ጋሽ ባጫ አመለከተች። ሽማግሌው እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

ኮሚቴው ነገሩ ስሕተት እንጂ አሻጥር አይደለም ሲል ወሰነ፤ ጋሽ ባጫም በቦታቸው ጸኑ። በአሥር ሰዓት ጃራ በመጋዘኑ የቀሩትን ሁለት የክትባት ሣጥኖች ይዞ፣ «አርሲ፣ ጭላሎ፣ ደራ» የሚል ወረቀት በኪሱ ከትቶ ሄደ። በማግሥቱ ከብቱ ተከተበ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ባጫ ለቅሶ ቢሄዱም፣ ቢታመሙም፣ የተካቸው ሰው እሳቸው የሚያውቁትን አገር ከዝርዝሩ ላይ እየመረጠ ይልካል፤ የሌለ አገር ልጻፍ ቢል እንኳ አይችልም። ዕውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ተቆልፎ ሲቀር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያ ሰኞ አስተምሮናል።

ከወር በኋላ መናኸሪያው በር ላይ አንድ መንገደኛ ጋሽ ባጫን አስቁሞ የደራ አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣ ጠየቃቸው።

«የትኛው ደራ?» አሉት።

ሰውዬው ሳቀባቸው። «ደራ ስንት ነው አባቴ? ደራ ደራ ነው።»

ጋሽ ባጫ ክንዱን ይዘው ወደ አግዳሚው ወሰዱት።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «መጀመሪያ ክፍለ ሀገሩን ንገረኝ።»