የደመወዝ ግብር ሲቀነስ ወንበር የሚገዛው ማን ነው?

የዚያን ዕለቱን ዝናብ ሌላ ሰው «ካፊያ ነበር» ቢላችሁ እንዳታምኑት። ባሕር ተገልብጦ አናቴ ላይ ነው የወረደው! ሮጬ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ፤ ሩጫዬን ያዩ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ባለቤቱ ጋሽ መዶሻ ከእህታቸው ልጅ ጋር፣ መሐላቸው ሶፋ ተገትሮ፣ ይከራከራሉ። ሶፋ ስላችሁ ሶፋ እንዳይመስላችሁ፤ መርከብ ነው! እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ፣ መደገፊያው የወርቅ ቅብ፤ ሁለት ጎሣ ተቀምጦ ሊታረቅበት ይችላል።

«እንኳን መጡ፣ ይፍረዱን!» አሉኝ ጋሽ መዶሻ። «የደመወዝ ግብር ተቀነሰ ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። ገንዘብ የሚተርፈው ለማን ነው? ለባለ ትልቅ ደመወዝ! ለትልቅ ሰው የሚሆን ሶፋ ሠራሁ። ይኸው ወራት አለፉ፣ ዋጋ የጠየቀኝ እንኳ የለም። ነገ ጠዋት ቤቱን መጋዘን ሊያደርገው ለፈለገ ነጋዴ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ልጅቷ ፊት ለፊት ባለው ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ናት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገር ይህ ሶፋ በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

ሦስታችንም በሩን አየን። ከዚያ ሶፋውን አየን።

«ጣሪያውን አነሳለታለሁ» አሉ ጋሽ መዶሻ፣ ፊታቸውን አዙረው።

«እሺ፣ በጣሪያ ይውጣ። ገዢው ግን ማን ነው? ሥራ አስኪያጃችን ቤቱ ሞልቷል። ግብሩ ሲቀልለት ትርፉን ባንክ ይከተዋል እንጂ ሶፋ ላይ ሶፋ አይደርብም።»

እኔ ዝም ብዬ ላልፍ አልቻልኩም። በኢኮኖሚ ነገር ምክሬን ያልጠየቀ ባለሥልጣን የለም ለማለት ይቻላል። «የእኔ እህት፣ ገበያን የሚያንቀሳቅሰው ሀብታም ነው!» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

«እርስዎም ግብር ተቀንሶልዎታል?»

«እንዴታ! ከማንም በላይ!»

«በትርፉ ምን ገዙበት?»

ኪሴን ዳሰስኩ። «ባንክ ነው ያለው» አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አጭር መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ጋሽ መዶሻ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን እጅ አልሰጡም። «ታዲያ የድሃው ትርፍ ምን ታደርጋለች? ኢምንት ናት!»

«በእርግጥ ሶፋ አትገዛም። በርጩማ ግን ትገዛለች። ድሃው የጎደለው ብዙ ስለሆነ እጁ የገባው ወሩ ሳያልቅ ገበያ ይወጣል።»

«በርጩማ? በዚህ እጄ? ደግሞስ ግብሩን ነገ ቢመልሱትስ?»

«ለአንድ ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነዎት፤ ሰው ይጠራጠርና ትራሱ ሥር ይሸጉጠዋል። በየወሩ እንደሚመጣ ሲያምን ግን ኑሮውን በዚያው ልክ ያደላድላል።»

«መንግሥትስ? መንገዱን በምን ሊጠግን ነው?»

«ይጎድልበታል፣ አልክድም። ግን እርስዎ ሲሸጡ ግብር ይከፍላሉ፣ እንጨት ነጋዴውም ይከፍላል። ከጎደለው ከፊሉ በገበያ በኩል ይመለሳል። ቤትዎን ከዘጉ ግን ምን ይመለሳል?»

ይኼኔ ከፋብሪካው የወጡ ሠራተኞች ከዝናቡ ሊጠለሉ በሩ ሥር ተኮለኮሉ። ልጅቷ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጠራች። «እትዬ፣ ከግብር ቅናሹ የተረፈችው ገንዘብ ምን ላይ ዋለች?»

«ምን ላይ ትውላለች እህቴ! ለልጆቼ ጠረጴዛ ልገዛባት ነበር፤ አልጋ ላይ ተደፍተው ነው የሚጽፉት። አንድ ቀን በዚህ ሳልፍ ይህን ዙፋን አየሁና፣ እዚህ ቤትማ ለእኔ ቢጤ የሚሆን ዕቃ የለም ብዬ ሄድኩ።»

ጋሽ መዶሻ ደነገጡ። የዝናቡ ድምፅ እንኳ ጋብ ያለ መሰለኝ። ያ ግርማ ሞገሱ ያማረ ሶፋ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ገዢ ሲያባርር ነው የከረመው!

«ትንሹ ልጅሽ ቁመቱ የት ይደርሳል?» አሏት ቀስ ብለው።

ወገቧን አሳየች። ጋሽ መዶሻ በዐይናቸው ለኩና ከሶፋው ጣውላ ጠረጴዛ ሊያወጡ መጋዙን አነሱ። የመጀመሪያው የአንበሳ መዳፍ ሲቆረጥ ተመልካቹ ሁሉ አጨበጨበ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ነጋዴው ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ ጋሽ መዶሻ ቀና ብለውም አላዩት። «ወይ ጣውላውን ያዝልኝ፣ ወይ ከመንገድ ዞር በል» አሉት። ያዘላቸው።

ዛሬ እዚያ ቤት የሚሠራው በርጩማና ጠረጴዛ ነው፤ ሁለት ሠራተኞችም ተቀጥረዋል (እኔ ለሰው ሳወራ ሃያ እላለሁ)። ሁለቱም ደመወዛቸውን ይዘው ጫማ ቤትና ልብስ ሰፊ ጋ ይሄዳሉ፤ ጫማ ሰሪውም በተራው ለሱቁ መደርደሪያ አዟል። አንዲት ትንሽ ቅናሽ የጎደለው ሰው እጅ ስትገባ እንዲህ ሰፈሩን ታንቀሳቅሳለች። ጋሽ መዶሻም ሬዲዮው ስለ ግብር ባወራ ቁጥር መጋዛቸውን ያቆማሉ። «ስንት ቀነሱ?» ማለቱን ትተዋል፤ አሁን የሚጠይቁት «ለማን ቀነሱ?» ብለው ነው።