ቀድሞ የተከፈለ ስለት

እኔና ባለቤቴ በስተርጅናችን፣ በአንዲት በቅሎ ላይ ተራ በተራ እየተቀመጥን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በየደጁ እህል ለመንን። ችግር ይዞን አይደለም፤ ለምነን ነዳያን ልናበላ የተሳልነው ስለት ነበር። አንኮበር ስንደርስ አንዲት ወይዘሮ ገብስ በቁና ይዛ ወጣችና ስለቱ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችን። ባለቤቴ፣ «ከነጋዴ ጋር ቆላ ወርዶ የቀረው ልጃችን በሰላም እንዲገባልን ነው» አለቻት። ሴትየዋ ፊቷ በራ። «እንኳን ደስ አላችሁ። መቼ ገባ፣ እናቴ?»

ስለት የሚከፈለው ሲሰምር እንደሆነ ማን ያጣዋል? እኔ መሬት መሬት አየሁ። ባለቤቴ ግን ስልቻውን እየከፈተች፣ «ገና ነው ልጄ። እሱ እስኪመጣ ጉልበታችን ካለቀ ማን ይከፍልልናል ብለን ነው ቀድመን የወጣነው» አለቻት። አሁን ብቅ የሚል ይመስል፣ ዓይኗ ቁልቁል የቆላው መንገድ ላይ ነበር። እኔ ግን ከቤት ከወጣን ጀምሮ በልቤ የምለምነው ለነፍሱ ነበር። ይህን አልነገርኳትም። በቅሎዋን አስጠግቼ፣ «በይ ተቀመጪ፣ ያንቺ ተራ ነው» አልኳት። ተራው የኔ ነበር።