የሚበራው አንጎል

ትናንት ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ተማሪ አጠገቡ ለተቀመጡት የማያውቃቸው እናት እንዲህ አለ።

«እማማ፣ ዛሬ ቤተ ሙከራችን ውስጥ በዓይኔ አየሁት! የአይጧ አንጎል ሲሠራ ይበራል!»

«እንደ አምፖል?»

«አዎ! ሴሎቹ ሲነቁ እንዲያበሩ ተደርጎ ነው። የምንቀርጽበት ካሜራ የአንጎሏን የፊቱንም የኋላውንም ክፍል አንድ ላይ ይቀርጻል። የሚጥል በሽታ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚዛመት ይታያል!»

«የኔንም ልጅ ይጥላታል። ክብሪት ጭረን ጭሱን ወደ አፍንጫዋ እናስጠጋለን።»

«ክብሪቱ ይቅርብዎ እማማ። በጎኗ ያስተኟት።»

«እሺ። ካሜራህ ለሷ መቼ ይደርሳል?»

«ገና አይጥ ላይ ነን።»

«ይሁን! አይጧ ትቅደም፣ ልጄ ትከተላለች። ወራጅ አለ!»

እኔም ከኋላ ወንበር፣ የማውቀው የክብሪት ሽታ ትዝ ብሎኝ፣ እኔንም ሲጥለኝ ያተረፍኩትን የግንባሬን ጠባሳ የሸፈንኩበትን ነጠላ ገለጥ አደረግሁ።